የልክና የዋስትና ዩኒቨርሲቲ ፍለጋ፦ ስድስት ቀን በሮም

ሁለት መቶ ሰባ ሁለት ሺህ ብር። ሂሳቡን አስቀድሜ የምናገረው፣ ስለ ሮም አደባባይና ፏፏቴ ለመስማት የተቀመጠ አንባቢ ካለ ጊዜውን እንዳያባክን ብዬ ነው። ትኬት አንድ መቶ ሠላሳ ሁለት ሺህ። ቪዛና የቪዛ ደጅ ጥናት አሥራ ዘጠኝ ሺህ። ወረቀት ማስተርጎምና ማህተም ማስመታት አርባ ሰባት ሺህ አምስት መቶ። በርበሬ፣ ሽሮና ባዶ እጅ ላለመሄድ የሚያዝ ነገር አሥራ አንድ ሺህ አምስት መቶ። እዚያ የበላሁት፣ የተሳፈርኩበትና የተቀጣሁት ስልሳ ሁለት ሺህ። ቅጣቱን እደርስበታለሁ።

መርካቶ፣ ሸራ ተራ የጫማ ሶልና ማስቲሽ እሸጣለሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቀረውን ገበያው አስተማረኝ። ልጄ ሜሮን ግን ሌላ ፍጥረት ናት። ሌላው ልጅ የሚያለቅስበትን ፊዚክስ እሷ እራት እስኪቀርብ ጊዜ ማሳለፊያ ታደርገዋለች። አምና አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ መንግሥት ክፍለ ሀገር ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ መደባት። "ተይው" አልኳት። "አንድ ዓመት ጠብቂ፣ ጣሊያን እልክሻለሁ።" ቃሌን ስላመነች ተወችው፤ ቦታዋም ለሌላ ልጅ ተሰጠ።

የፊዚክስ መምህሯ ሦስት ቦታ አመልክቺ ብሎ መከራት። አንዱ የምኞት ነው፤ ከተገባበት የሚኮራበት። አንዱ የልክ ነው፤ ውጤቷ እዚያ ከሚቀበሏቸው ልጆች ውጤት ጋር የሚስተካከልበት። ሦስተኛው የዋስትና ነው፤ ምንም ቢመጣ የማይመልሳት፣ ኑሮውም ርካሽ የሆነ። ይህን ስሰማ ለመምህሩ ያለኝ ክብር ጨመረ። እኔም ሱቄን የማደራጀው እንደዚሁ ነው፤ አንዱ መደርደሪያ ለዓይን፣ አንዱ ለዘወትር ደንበኛ፣ አንዱ ደግሞ ጎርፍ ቢመጣም መሸጡ ለማይቀር ጥቁር ሶል።

የምኞቱ መለሳት። የልኩና የዋስትናው ተቀበሏት። የቀረው አቅም ለሌላቸው ቤተሰቦች ልጆች የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ነበር። እሱ ከተገኘ ክፍያ ይቀርላታል፣ ማደሪያና ምግብም ይታሰብላታል። ካልተገኘ እኔ አንድ ዓመት እንኳ ላኖራት አልችልም። ማመልከቻው የሚዘጋው አርብ ቀትር ላይ ነው። ለማመልከቻው የሚያስፈልገውን የቤተሰብ ሀብት ወረቀት የሚያዘጋጅ ቢሮ ሮም አለ ተባለ። ሁለቱንም ትምህርት ቤት በዓይኔ አይቼ፣ አንዱን መርጬ፣ ወረቀቱን በእጄ አስገብቼ ልመለስ ተነሣሁ። ዕቃ ሳላይ ከፍዬ አላውቅም።

በደረት ኪሴ የያዝኩት ፋይል ውስጥ አንድ የባንክ ደብዳቤ ነበር። ቢሮው የጠየቀው፣ ከሁለት ዓመት በፊት የፈረንጆቹ ዓመት ሲያልቅ በመጨረሻዋ ቀን በሂሳቤ ስንት ብር እንደነበረ ነው። አራት ሚሊዮን ይላል። ደብዳቤውን ከባንክ ሳመጣ ቁጥሩ አምሮብኝ ለሜሮን አሳየኋት። አየችውና መልሳ አጠፈችው።

ሰኞ

አዲስ አበባን በሐምሌ ዝናብ ጃኬት ደርቤ ለቀቅኩ። ጠዋት ሮም ስወርድ የዳቦ ቤት ምድጃ ፊቴ ላይ የተከፈተ መሰለኝ። ጃኬቱን እስከ ቅዳሜ በክንዴ ይዤው ዞርኩ።

የአክስቴ ልጅ ጽጌ ሮም ከገባች ሃያ ዓመቷ ነው። ሥራዋ አሮጊት መጦር ነው፤ አሁን አምስተኛዋ ላይ ደርሳለች። የምታድረው ከአሮጊቷ ጋር ስለሆነ ከሐሙስ ከሰዓትና ከእሑድ በቀር አትወጣም። ሮማኒና የምትባል ዳር ሰፈር ከሁለት ሴቶች ጋር የተከራየችው ክፍል አላት፤ ወንድ ግን አያድርበትም። ስለዚህ ለጋሽ ዘርአይ አስረከበችኝ።

ጋሽ ዘርአይ ሰባ ያለፋቸው ኤርትራዊ ናቸው። አማርኛ አስመራ ተማሪ ቤት ነው የተማሩት፤ ከኔ አማርኛ የነሱ ዘመን አማርኛ ይጸዳል። አናኒና ባቡሩ ማለቂያ ላይ ጠብቀውኝ ሻንጣዬን ቀሙኝ።

"ዩኒቨርሲቲ ፍለጋ ነው የመጣኸው አሉ" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ።"

"አሎራ፣ እንግዲያውስ ደርሰሃል። የምወስድህ ቤት ድሮ ዩኒቨርሲቲ ነበር።"

ሰላም ፓላስ የሚሉት የስደተኞች መኖሪያ ነው። ፊቱ መስታወት የሆነ ትልቅ ፎቅ፣ ውስጡ በኮምፔንሳቶ የተከፋፈለ፣ ከአንዱ ክፍል የሽንኩርት ጥብስ ከሌላው የሕፃን ለቅሶ የሚወጣበት። የመርካቶ ሰው ስለሆንኩ አልደነገጥኩም።

"አሁን እዚህ የሚማር የለም?" አልኳቸው ደረጃ እየወጣን።

"እንማራለን እንጂ። የሚመረቅ ነው የጠፋው። እኔ ስንተኛ ጊዜዬን እየደገምኩ እንደሆነ ረስቻለሁ።"

ፓስታ በበርበሬ ሠሩልኝ። አልጋቸውን ለኔ ሰጥተው እሳቸው መሬት ላይ ፍራሽ አነጠፉ። ብለምናቸው፣ እግራቸውን ብይዝ፣ አልሰማ አሉ። "የእንግዳ ወገብ ቢቆረጥ ጽጌ እኔን ነው የምትጠይቀው" ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ።

ማክሰኞ

ጋሽ ዘርአይ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ስለነበራቸው የአውቶቡስ ቲኬት ሰጥተው ብቻዬን ለቀቁኝ። ቲኬቱን እንዳይበላሽ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከሜሮን ፎቶ አጠገብ ከተትኩት። ለካ ሰው ሲሳፈር ማሽን ውስጥ አስገብቶ ያስመታዋል። እኛ አገር የታክሲው ረዳት ራሱ መጥቶ እጁን ይዘረጋል፤ እኔም ረዳቱን እየጠበቅኩ ነበር። የመጣው ተቆጣጣሪ ነው። ንጹሑን ቲኬት በኩራት አሳየሁት። ንጽሕናው ነው ያስቀጣኝ። ሃምሳ አምስት ዩሮ ገደማ ከፈልኩ፤ ደረሰኙን በሁለት እጁ ሲሰጠኝ ግን ጨዋነቱ አስደሰተኝ።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ምኞቱ ነው። መልሰዋት ምን አስኬደህ የሚል ይኖራል። ልጄን የመለሰውን ቤት መልኩን ማየት ፈለግኩ። በሩ ላይ የሚፈትሽ ዘበኛ የለም፤ አገሬ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ቀበቶዬን ሁሉ አስፈትተውኛል። ልጆች ሣር ላይ ተጋድመው ያነባሉ። የአንዱን ጫማ አየሁ፤ ሶሉ ተገንጥሏል። ይኼ ልጅ እዚህ ገብቶ የኔዋ የማትገባበት ምክንያት አልታየኝም።

ከዚያ ወደ ልኩ። ከከተማ ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ነው፤ እንደኛ አገር ኮንዶሚኒየም፣ ሕንፃው ቀድሞ መንገዱ በኋላ የደረሰ ይመስላል። የፊዚክሱ ክፍል ያለች ጸሐፊ እንግሊዝኛዋ ከኔ ስለማይሻል በደንብ ተግባባን። የሜሮንን የተቀባይነት ወረቀት ሳሳያት ከወንበሯ ተነሥታ፣ ቤተ ሙከራውን በመስታወት በኩል አስጎበኘችኝ። ቱቦና ሽቦ ነው። እኔ ምንም አልገባኝም፤ ሜሮን ግን እዚያ ቆማ ታየችኝ። የአካባቢውን የአልጋ ኪራይ ስጠይቅ ለግማሽ ክፍል በወር አራት መቶ ሃምሳ ዩሮ ተባልኩ። ለግማሽ ክፍል። ስኮላርሺፑ ቢገኝም የማደሪያ አልጋ ወረፋ አለውና፣ ወረፋው እስኪደርስ እዚህ ማቆየት አልችልም። በልቤ ሰረዝኩት።

ረቡዕ

የዋስትናው ዩኒቨርሲቲ ያለው ሁለት ሰዓት በባቡር ተሂዶ ከሚደረስ ኮረብታ ላይ ነው። ጋሽ ዘርአይ አብረውኝ መጡ። ጣቢያው ላይ ኮርኔቶ የሚሉትን የታጠፈ ዳቦ ገዙልኝና በልቼ ስጨርስ ረቡዕ መሆኑ ትዝ አለኝ።

"ጋሼ፣ ይሄ ነገር ቅቤ አለው እንዴ?"

"ቅቤ ብቻ ነው።"

"ምነው ሳይነግሩኝ?"

"የትናንቱ ቅጣት የበቃህ መስሎኝ ዝም አልኩህ፤ ለንስሐ አባትህ ዘርአይ አሳተኝ በላቸው።"

ከተማይቱ ትንሽ ናት። ሰው ሰላም ይላል። ዩኒቨርሲቲው ስም የለውም፤ ማለቴ ሸራ ተራ ብናገር የሚያውቀው የለም። ነገር ግን የተማሪ ካፌው ርካሽ ነው፣ መጻሕፍት ቤቱ እስከ ማታ ክፍት ነው፣ የክፍሉ ኃላፊ የተባለው ሰው ራሱ ወጥቶ ሜሮንን በስሟ ጠየቀኝ። "የሒሳብ ወረቀቷን አይቻለሁ፣ እንጠብቃታለን" አለ። ጋሽ ዘርአይን ሁለት ጊዜ አስተረጎምኳቸው። በትክክል እንደዚያ ነው ያለው።

ክፍል የምታከራይ አንዲት አሮጊት ጋ ላኩን። ሲኞራዋ ሰማንያ ያለፋት ባሏ የሞተባት ናት፤ ባልየው ጫማ ሠሪ ነበር። ምድር ቤቱ ውስጥ የእንጨት ፎርማዎቹ ቁጥር በቁጥር ተደርድረዋል። አንዱን አንሥቼ "ሠላሳ ስምንት፣ የሴት" ብዬ በጣቴ ባሳያት ክንዴን ይዛ አለቀቀችኝም። ሥራዬን ጋሽ ዘርአይ ነገሯት። ክፍሉ ጠረጴዛና መስኮት አለው። በወር ሁለት መቶ ሠላሳ አለች። እጄን ዘርግቼ መከራከር ስጀምር ጋሽ ዘርአይ ጎሸሙኝ።

"እፍረት የለህም? ሴትየዋ ልታለቅስ ነው አንተ ሠላሳ ታወርዳለህ።"

"ከሚያለቅስ ሰው ጋር ነው ዋጋ የሚገኘው ጋሼ።"

ሲኞራዋ ራሷ ሁለት መቶ አደረገችው። ቀብድ ላስይዝ ብል እጄን መለሰችው፤ ልጅቷ ስትመጣ አለች። ስንወጣ ከጓሮዋ ኮክ በወረቀት ከረጢት ሞልታ ሰጠችን። በባቡሩ ውስጥ ኮኩን እየበላን ለሜሮን ደወልኩ። መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ ጠየቀችኝ። ወደ ገደሉና ወደ ወይራው አልኳት። "እሺ አባዬ፣ እሱ ይሁን" አለች። ከተነሣሁ ጀምሮ የዚያን ቀን ብቻ ነው ገንዘቤ ሥራ ላይ የዋለ የመሰለኝ።

ሐሙስ

ጽጌ አሮጊቷን አስተኝታ ከሰዓት ወጣች። ካፍ የሚሏቸው፣ የሰውን ገቢና ንብረት በወረቀት የሚሠሩ ቢሮዎች አሉ፤ ከነሱ አንዱ ጋ ሄድን። የተቀበለችን ልጅ እግር ሴት ናት፤ ጽጌ በአክብሮት ዶቶረሳ ትላታለች። አየር ማቀዝቀዣው ስለተበላሸ በፋይል እያራገበች የኔን ወረቀቶች አንድ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባች። የሱቁ ገቢ ሲነገራት አንገቷን በሐዘኔታ ነቀነቀች፤ ደስ አለኝ። የባንኩ ደብዳቤ ላይ ስትደርስ ማራገቡን አቆመች።

ተነጋገሩ። ጽጌ ወደኔ ዞረች።

"ታዴ፣ አራት ሚሊዮን ብር ነበረህ እንዴ?"

"በወረቀት።"

"በወረቀት ማለት?"

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት እዚሁ ጣሊያን የጫማ ማሽን ባዛር ለመምጣት ቪዛ ጠይቄ ነበር። ለቪዛ የባንክ ሂሳብ ወፍራም መሆን አለበት ይባላል። እኛ ሰፈር ሰው ለሠርግ ወንበር እንደሚዋሰው ለቪዛ ብር ይዋሳል። የሱቅ ጎረቤቶቼ ሐጂ ሙዘይንና አቶ ግርማ፣ ደግሞም የማስቲሽ አስመጪው ሰጡኝ፤ ሂሳቤ ውስጥ አሥራ ስድስት ቀን ተቀምጦ ወጣ። ቪዛው ተከለከለ። ከአሥራ ስድስቱ ቀን አንዷ የፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ነበረች። ዘንድሮ ደግሞ ያለኝን ብቻ አሳይቼ ስጠይቅ ቪዛው በሁለት ሳምንት ተሰጠኝ።

በዕድሜዬ ሙሉ ወረቀት የጠየቀኝ ሁሉ እንዳለኝ እንዳሳይ ነው የጠየቀኝ። እንደሌለኝ እንዳሳይ የሚፈልግ ወረቀት ዓለም ላይ መኖሩን ያወቅኩት የዚያን ቀን ነው።

"ብድር ነበር በያት።"

ነገረቻት። "የብድሩ ውል የት አለ ትላለች።"

"ውል የለውም። በቃል ነው።"

ዶቶረሳዋ ይህ ሲተረጎምላት መነጽሯን አወለቀች። አራት ሚሊዮን ብር በቃል የሚያበድር ሰው እንዳለ አላመነችም መሰለኝ፤ ወይም አምና ገረማት። ለኔ ውሃ አመጣችልኝ። ምንዛሬውም የሚታሰበው በዚያን ዓመት ነው አለች፤ ብሩ ሳይወድቅ፣ ከስልሳ አምስት ሺህ ዩሮ በላይ። ዛሬ ቢሆን ከዚያ እኩሌታ እንኳ አይደርስም። ለስኮላርሺፑ የተቀመጠው የሀብት ጣሪያ አልፏል። ስኮላርሺፑ አይገኝም፤ የትምህርት ክፍያውም እንደ ሀብታም ልጅ ነው የሚታሰበው።

"ምንም ማድረግ አይቻልም?"

"በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቀን ነው የሚታየው፣ ያኔ ይምጣ ትላለች" አለች ጽጌ። ድምፅዋ ወርዷል።

እኔ ለስንቱ ደንበኛ "በሚቀጥለው ሳምንት ና" ብያለሁ። ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ከቢሮው በር ላይ ቆሜ ለሜሮን ደወልኩ። ጽጌ ራቅ ብላ ቆመች።

"ሜሪ፣ ያ የባንክ ወረቀት ላይ ያለው ብር የኔ አይደለም።"

"የማን ነው?"

"የሐጂ ነው። የአቶ ግርማ ነው። ለቪዛ ተውሼው ነው። እነሱ ግን የኔ ነው ብለው ቆጠሩት፤ ጣሪያው አለፈ።"

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ።

"ጣሪያውን አንብቤው ነበር አባዬ" አለች።

"ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ያለህ መስሎኝ ነበር። ካለህ ለምን የሌላቸውን ሰዎች ገንዘብ እንደምንለምን ግራ ገብቶኝ ነበር። ደግሞ ወረቀቱን ስታሳየኝ ደስ ብሎህ ነበር።"

ከዚህ በኋላ ስለ ሮም ብዙ የማስታውሰው የለም።

አርብ

ጠዋት አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሸራ ተራ ብደውል ቀትር ሳይደርስ ሌላ የባንክ ደብዳቤ፣ ማህተሙ ያልደረቀ፣ በስልክ ይላክልኛል። ቁጥሩን መምታት እስክጀምር ድረስ ጋሽ ዘርአይ ሽንኩርት እየላጡ ያዩኝ ነበር።

"ሐሰተኛ ወረቀት ልታሠራ ነው?"

"አንድ ዜሮ ብቻ ነው የሚቀነሰው ጋሼ። እውነቱም እሱ ነው።"

"ቫ ቤኔ፣ ይሁን። ወረቀቱ ቢያዝ የሚባረረው አንተ አይደለህም። የሚጻፈው በሷ ስም ነው።"

ስልኩን አስቀመጥኩ። ሳሰላው ልክ ናቸው። የተጭበረበረ ዕቃ ሲያዝ የሚከሰሰው ላኪው ሳይሆን ተሸካሚው ነው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ለቀትር ግማሽ ሰዓት ሲቀር፣ ጽጌ ላብ በላብ ሆና መጣች። አሮጊቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ነው የወጣችው። ፖስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አንድ ሺህ አምስት መቶ ዩሮ።

"ይሄን ያዝና አስመዝግባት። የቀረው እንደምንም ይሆናል።"

"እንደምንም ስንት ወር ነው ጽጌ?"

"አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ትቆጥራለህ።"

ቆጠርኩ። ምዝገባና የክፍያው መጀመሪያ ከወጣ በኋላ የሲኞራዋን ክፍል ሦስት ወር ይይዛል፤ ቤት ብቻ፣ ያለ ምግብ። በአራተኛው ወር ሜሮን ከጽጌ ጋር አሮጊት ስትጦር ታየችኝ። ለጽጌ ይህን አላልኳትም። ፖስታውን ቦርሳዋ ውስጥ መልሼ ከተትኩ። ቦርሳዋን ቀማችኝ፣ እኔም መልሼ ቀማኋት፤ ጋሽ ዘርአይ ሁለታችንንም ተቀመጡ እስኪሉን። ያቺ ሴት በሃያ ዓመት ውስጥ ለራሷ ያስቀረችው ያንን ብቻ ይመስለኛል።

የሆነ ቦታ ደወል ተደወለ፤ ቀትር ሆነ። ማመልከቻው ተዘጋ። የጾም ፓስታ በላን። እኔ ሳህን አጠብኩ።

ቅዳሜ

ከመሄዴ በፊት ልትሰናበተኝ ለአፍታ ብቅ ያለችውን ጽጌን ለሲኞራዋ እንድትደውልልኝ ለመንኳት። ክፍሉ እንዲለቀቅ ነው። ሲኞራዋ እስከ መስከረም ለማንም አላከራየውም፣ ነገሩ ከተስተካከለ ልጅቷ ትምጣ አለች። "እንዳትጠብቅ በያት" አልኩ። ጽጌ ሁለት ጊዜ ነገረቻት፤ ሲኞራዋ ደግሞ ሁለት ጊዜ እጠብቃለሁ አለች። የመጨረሻውን ጽጌ አልተረጎመችልኝም።

ጋሽ ዘርአይ እስከ አናኒና ሸኙኝ። ቲኬቴን ራሳቸው ማሽኑ ውስጥ አስገብተው አስመቱልኝ።

"ልጅቷን አትቆጣት" አሉኝ።

"እኔ እሷን?"

"ሰው ሲያፍር ይቆጣል። ልጆች ስላሉኝ አውቃለሁ።"

ቦሌ ስደርስ ይዘንባል። ጃኬቱን ለበስኩ።

ይህን የምጽፈው ሱቅ ተቀምጬ ነው። ሜሮን ከመደርደሪያው ወዲያ ሶል በቁጥር እየለየች ታስራለች። ሥራውን በሦስት ቀን ለመደችው፤ ማስቲሹ ውስጥ ምን ምን እንዳለና ለምን እንደሚያዞር ለሠራተኞቹ ታስረዳለች፤ መስኮት ክፈቱ ትላለች፣ እነሱም ይከፍታሉ። ከእኔ ጋር በደህና ትነጋገራለች። በሚቀጥለው ዓመት ድጋሚ እንሞክራለን ስላት "እሺ አባዬ" ትላለች፤ ደንበኛዬ "በሚቀጥለው ሳምንት ና" ስለው እንደሚለኝ ዓይነት እሺ ነው። የዋስትና ዩኒቨርሲቲ ነበራት፤ አምና መንግሥት የመደባት እሱ ነበር። ያስጣልኳት እኔ ነኝ።

ወጪ፣ ሁለት መቶ ሰባ ሁለት ሺህ ብር። ከያዝኩት ተርፎ የተመለሰ፣ ሃያ ዩሮ። የተቀበሏት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሁለት። የገባችበት፣ የለም።